በዜና ቃላት መማር፦ ለእንግሊዝኛ የቱ ይሻላል? ለታይኛስ?

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው። እሑድ ጠዋት፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ ቡና እየጠበቅሁ ስልኩን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ እንግሊዝኛ በዜና ይለመዳል ይሉኛል። በየትኛው ልያዘው?» ስልኩን ተቀብዬ አየሁት። አስራ አንድ የቴሌግራም ቻናል። ሦስት አፕ። በዚያ ላይ በብር የገዛው «5000 ቃላት» የሚል ፒዲኤፍ። ከ«ኤ» ጀምሮ እዚያው «ኤ» ላይ ቆሟል። «አባንደን» (ትቶ መሄድ) የሚለውን ቃል አብጠርጥሮ ያውቃል፤ የቀረውን ግን እሱም አባንደን አድርጎታል።

በዚያው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ደወለች። ልብስ ቤት አላት፤ ዕቃ ለማምጣት በዓመት አንዴ ሁለቴ ባንኮክ ትሄዳለች። «ለሱ ስትነግረው ለኔም ንገረኝ እንጂ፤ ታይኛስ በዜና ይቻላል ወይ?» አለችኝ።

ለሁለቱም የነገርኳቸውን ነው እዚህ የማሰፍረው። የቋንቋ መምህር አይደለሁም። ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ ስጽፍ የምውል ሰው ነኝ። ከታች ያሉትን ግን ራሴ ሞክሬያቸዋለሁ፤ አንዳንዱን ለዓመታት፣ አንዳንዱን ሁለት ሳምንት ይዤ ትቼዋለሁ።

መጀመሪያ በምን እንመዝናቸው?

ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «የትኛው አፕ?» ብሎ ነው። ስም ከመጥራታችን በፊት ግን መመዘኛ ይኑረን።

አንደኛው ክብደቱ ነው። አንድ ዜና አውጡና የመጀመሪያዎቹን መቶ ቃላት ቁጠሩ። የማታውቁት ከአምስት በላይ ከሆነ ያ ምንጭ ለጊዜው ይለፋችሁ። በየመስመሩ መዝገበ ቃላት የሚያስገልጥ ነገር ንባብ አይደለም፣ የጠፋ ዕቃ ፍለጋ ነው። ሁሉንም የምታውቁት ከሆነ ደግሞ አዲስ ነገር አትለምዱም።

ሁለተኛው፣ ለኔ ትልቁ፣ ወሬውን በአማርኛ ቀድማችሁ ታውቁታላችሁ ወይ የሚለው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቀው ሸዋ ሮቢት ያለ የሽንኩርት ነጋዴ እንኳ የሚያወራው ስለ ዶላር ነበር። በዚያ ሳምንት «ፍሎት» (ተመኑን ለገበያ መልቀቅ)፣ «ዲቫሉዌሽን» (የገንዘብ ዋጋ መቀነስ)፣ «ኢንፍሌሽን» (የዋጋ ንረት) የሚሉትን ለመልመድ ብዙ መልፋት አላስፈለገም። ነገሩን ስለምናውቀው ቃሉ መጥቶ ቦታውን ያዘ። ስለ አሜሪካ ቤዝቦል የሚያወራ ዜና ስጡኝና ቃሉንም ጨዋታውንም አላውቀውም፤ ሁለት ሸክም ይሆንብኛል።

ሦስተኛው፣ ቃሉ ተመልሶ ይመጣል ወይ? ዛሬ ስለ እሳተ ገሞራ፣ ነገ ስለ ቴኒስ፣ ከነገ ወዲያ ስለ አንድ ዘፋኝ ፍቺ ብታነቡ ቃላቱ አንድ ጊዜ ሰላም ብለዋችሁ ይሄዳሉ። አንድ ወሬ ለሳምንት ብትከታተሉ ግን ያው ቃል በየቀኑ በር ያንኳኳል። ኅዳር 14 ቀን 2018 አፋር ውስጥ ሐይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ህንድ ደረሰ፣ በረራም አስተጓጎለ። «ኢረፕት» (መፈንዳት)፣ «አሽ» (አመድ)፣ «ፕሉም» (ወደ ሰማይ የሚወጣው የጭስና የአመድ ዓምድ) የሚሉት ቃላት በእነዚያ ጥቂት ቀናት ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ! ከዚህ ቀጥሎ የምዘረዝረው ሁሉ ቢረሳችሁ ይቺን ያዙ፦ ከምንጩ ምርጫ ይልቅ አንድን ወሬ ይዞ መሰንበት ይበልጣል።

አራተኛው፣ ድምፅና ጽሑፍ አብረው አሉ? እንግሊዝኛ እንደተጻፈ አይነበብም። በዓይን ብቻ የለመድኩትን ቃል ሰው ፊት ስጠራው ስንቴ ተስቆብኛል።

አምስተኛው፣ ኔትወርክ ሲጠፋስ? እኛ አካባቢ ይሄ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ከነሐሴ 2015 በኋላ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦብን ያሳለፍነውን የሚረሳ የለም። ስለዚህ አውርዶ ማስቀመጥ ወይም ማተም የሚቻለው ሁልጊዜ ይቀድማል። በዳታ በኩልም የስድስት ደቂቃ ድምፅ ስድስት ሜጋባይት ቢወስድ ነው፤ ያው ስድስት ደቂቃ በቪዲዮ ሲሆን ብዙ እጥፍ ይበላል።

ዋጋን መመዘኛ ውስጥ አላስገባሁትም። ከዚህ በታች የምጠራቸው አብዛኞቹ ነፃ ናቸው። ወጪው ዳታውና ጊዜያችሁ ነው።

ለተማሪ ተብሎ የተዘጋጀ ዜና

የቪኦኤው «ለርኒንግ ኢንግሊሽ» የዚህ ዘር አባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 «ስፔሻል ኢንግሊሽ» ተብሎ ሲጀመር 1500 ያህል መሠረታዊ ቃላት መርጦ፣ አረፍተ ነገሩን አሳጥሮ፣ ዜናውን ዝግ አድርጎ ማንበብ ነበር ሐሳቡ። አባቴ በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ነበር የሚከታተለው። አንቴናውን በሽቦ አስረዝሞ መስኮቱ ላይ ያስረው ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2025 ጣቢያው ሥራ እንዲያቆም ሲደረግ ይሄም አብሮ ቆመ። ስለዚህ ትኩስ ወሬ አትጠብቁበት። የቆዩት ዝግጅቶች ግን ለጆሮ መልመጃ አሁንም አንደኛ ናቸው።

ቢቢሲ ለርኒንግ ኢንግሊሽ ሕያው ነው። «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ» የሚባለው ዝግጅቱ ላይ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ጉዳይ ስድስት ደቂቃ ያወራሉ፣ ስድስት ቃል ያስተምራሉ። ጽሑፉም ድምፁም ይወርዳል። በትክክል ዜና ነው ለማለት ይከብዳል፣ ወቅታዊ ወግ ቢባል ይሻላል። ከአርዕስተ ዜና ቃል እያወጣ የሚያብራራ ሌላ ዝግጅትም አለው፤ ለዚህ ጉዳይ እሱ ይቀርባል። ፍጥነቱ ከቪኦኤው ከፍ ይላል።

«ኒውስ ኢን ሌቭልስ» አንዱን ዜና በሦስት ደረጃ ይጽፈዋል። የመጀመሪያው በ1000 ቃላት፣ ሁለተኛው በ2000፣ ሦስተኛው በ3000 የተወሰነ ነው። «ብሬኪንግ ኒውስ ኢንግሊሽ» ደግሞ ደረጃውን የበለጠ ይከፋፍለዋል፤ መልመጃው ታትሞ የሚወጣ ስለሆነ አንድ ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዳችሁ የወር ስንቅ ይዛችሁ መመለስ ትችላላችሁ። ለመሐል ሜዳ ወይም ለሞላሌ ልጅ ይሄ ከማንኛውም አፕ ይበልጥበታል።

ጉድለታቸው? ወሬያቸው ብዙ ጊዜ ለኛ ባዳ ነው። ስኬትቦርድ ስለሚነዳ ውሻ አንብቤ አውቃለሁ። ቃሉ ቀላል ነበር፣ በማግስቱ ግን አንዱም አልቀረልኝም።

ያንኑ ወሬ በአማርኛም በእንግሊዝኛም

ወደ ልቤ የሚቀርበው ይሄ ነው። ቢቢሲ አማርኛ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አለ፤ ከእንግሊዝኛው ጋር የሚጋራው ወሬ ብዙ ነው። ሪፖርተር በሁለቱም ቋንቋ ይወጣል። አዲስ ዘመንና ዘ ኢትዮጵያን ሄራልድም ከአንድ ቤት የሚወጡ ናቸው። ጠዋት አማርኛውን አነባለሁ፣ ማታ እንግሊዝኛውን። ቃል በቃል ትርጉም እንዳይመስላችሁ፤ ጋዜጠኛው ለየአንባቢው ይጽፋል። ጥቅሙም እዚያ ላይ ነው። እኛ በአንድ ሐረግ የምንለውን እነሱ በአንድ ቃል ሲጨርሱት ታያላችሁ፣ አንዳንዴም ተቃራኒው።

በቅርብ ላሳያችሁ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የነበረው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ነበር። ደብተሬ ላይ ያሰፈርኩት እንዲህ ነው። አማርኛው «ነዋሪዎች አካባቢውን ለቀው እንዲወጡ ተደረገ» ይላል። እንግሊዝኛው «ኢቫኩዌትድ» ብሎ ያልፋል። አማርኛው «በሬክተር ስኬል» እያለ ይለካል። እንግሊዝኛው ሬክተርን ትቶት «ማግኒቱድ» ብቻ ነው የሚለው፣ ምክንያቱም ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ወደ ሌላ መለኪያ ዞረዋል። «አፍተርሾክ» የሚለውን ደግሞ አማርኛው «ተከታይ ንዝረት» እያለ ያብራራዋል።

አንድ ወጥመድ ልንገራችሁ። «ካዡዋልቲስ» የሚለውን ለዓመታት «ሟቾች» ብዬ ስረዳው ኖሬያለሁ። የቆሰለውንም የሞተውንም አንድ ላይ የሚጠራ ቃል ነው። አንድ ቀን አማርኛው «3 ሰዎች ሞተው 20 ቆሰሉ» ሲል እንግሊዝኛው 23 ብሎ ሲጽፍ አገኘሁት። መጀመሪያ ተሳሳቱ ብዬ ስቄባቸው ነበር።

ጉድለቱ ድምፅ የለውም። ለጀማሪም ይከብዳል። አማርኛውን ስላነበባችሁ ግን የመቶ ቃሉ ፈተና ላይ ከአምስት ወደ ስምንት፣ አስር ከፍ ብትሉም አትሰጥሙም።

የሀገር ውስጥ የእንግሊዝኛ ጋዜጦች

ሄራልድ እ.ኤ.አ. ከ1943 ጀምሮ ያለ ጋዜጣ ነው። ፎርቹን፣ ካፒታል፣ የሪፖርተር እንግሊዝኛው እትም አሉ። ወሬው የኛ ነው። ወረዳው ወረዳ፣ ቀበሌው ቀበሌ ተብሎ ነው የሚጻፈው።

ሪፖርት ለሚጽፍ፣ ድርጅት ውስጥ ሥራ ለሚፈልግ ሰው እነዚህን ነው የምመክረው። «ስቴክሆልደር» (ባለድርሻ)፣ «ኢምፕሊሜንት» (መተግበር)፣ «አሎኬት» (መመደብ)፣ «ዲስበርስ» (ገንዘብ መክፈል) የሚባሉት የቢሮ ቃላት እንደ ጉድ ይጎርፋሉ። ለጨዋታ ግን አይሆኑም። እንዲህ እያወራ ቡና የሚጠጣ ሰው አላየሁም። አረፍተ ነገሩም አንዳንዴ ከዚህ እስከ ደብረ ሲና ይደርሳል፤ ግሱን ስትፈልጉ ጣርማ በር ላይ ጭጋግ ይውጣችኋል። የፎርቹን የኢኮኖሚ ዜና ግን ለንግድና ለአካውንቲንግ ተማሪ ጥሩ ልምምድ ነው።

ሙሉ ፍጥነት ያለው ዓለም አቀፍ ዜና

ዲሽ ያለው ቤት ሁሉ አልጀዚራና ቢቢሲ ይገባል። ብዙ ሰው ከፍቶ ይተኛበትና «ጆሮዬን እያስለመድኩ ነው» ይላል። እንቅልፉን ነው የሚያስለምደው።

መካከለኛ ከሆናችሁ አርዕስቱን ብቻ ያዙ። የአርዕስት እንግሊዝኛ የራሱ ዘዬ አለው። ትናንት የሆነውን ዛሬ እንደሚሆን አድርጎ ይናገራል። አጫጭር ቃላት ይወዳል፦ «ፕሮብ» ምርመራ ነው፣ «ቢድ» ሙከራ፣ «ስላም» ክፉኛ መተቸት። «ቶል» ሲል ደግሞ የአዳማው የክፍያ መንገድ ትዝ ይላችሁ ይሆናል፤ ዜና ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሟቾች ቁጥር ነው። ሃያ ሠላሳ የሚሆኑ እንዲህ ያሉ ቃላት ከያዛችሁ አርዕስት ማንበብ ይቀላችኋል። ንግግር ላይ ግን አትጠቀሙባቸው፣ ጋዜጣ ትመስላላችሁ።

የቴሌግራም «የቀኑ ቃል» እና ፒዲኤፍ

አጭር ነኝ። ቃሉ ከወሬው ተነጥሎ ነው የሚመጣው፣ እንደመጣም ይሄዳል። አንዳንዱ ቻናል የተሳሳተ ትርጉም ይለጥፋል፤ የሚያርመው ሰው የለም። ፒዲኤፍ በገንዘብ አትግዙ።

ኤአይን (ሰው ሠራሽ አስተውሎትን) መጠየቅ

ይሄ አዲሱ መንገድ ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ከጋዜጣ ያገኛችሁትን ዜና ለጥፋችሁ «ለ10ኛ ክፍል ተማሪ በሚሆን እንግሊዝኛ ጻፍልኝ፣ አስር ቃል አውጣ፣ በአማርኛ አስረዳኝ» ብትሉት በደቂቃ ያቀርባል። የደረጃውን ችግር ይፈታል፣ ወሬውም እናንተ የመረጣችሁት ነው። ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ዜናውን ራሱ አትጠይቁት፤ እናንተ ስጡት እንጂ። ከራሱ ፈጥሮ በልበ ሙሉነት የሚነግራችሁ ጊዜ አለ። አማርኛውም አንዳንዴ ይንሸዋረራል። ስለዚህ የቃሉን ትርጉም በእንግሊዝኛም አስጽፉትና አመሳክሩ። ኔትወርክ ከሌለ ደግሞ እሱም የለም።

አሁን ታይኛ

ለአክስቴ ልጅ የመጀመሪያው መልሴ «አይሆንም፣ ገና ነሽ» የሚል ነበር። ተቀየመችኝ። ምክንያቱን ላስረዳ።

ታይኛ አምስት የድምፅ ቃና አለው። ያው ፊደል፣ ያው አናባቢ፣ ድምፁ ሲወርድና ሲወጣ ሌላ ቃል ይሆናል። «ካው» ዝቅ ባለ ቃና ዜና ነው። ከላይ ወደታች ሲወድቅ ሩዝ ነው። ከታች ወደላይ ሲወጣ ነጭ ማለት ነው። እንግዲህ ዜና ልማር ብላ ሩዝ ታዝዛለች። «ክላይ» ደግሞ በአንዱ ቃና ሩቅ፣ በሌላው ቅርብ ነው፤ ታክሲ ላይ ምን እንደሚያመጣ አስቡት። የኛ ፊደል ይሄን ቃና አያሳይም። በዚያ ላይ ታይኛ በ«ተ» እና በ«ደ» መሀል የሚወድቅ ድምፅ አለው። በ«ጠ» ልትጽፉት ይቃጣችኋል፤ እሱም አይደለም። ስለዚህ በአማርኛ ፊደል የተጻፈ ታይኛ መደገፊያ እንጂ መማሪያ አይሁናችሁ።

ጽሑፉም አለ። 44 ተነባቢዎች አሉት፤ አናባቢው ከፊት፣ ከኋላ፣ ከላይ፣ ከታች ይቀጠላል። በቃላት መሀል ክፍተት አይተውም። ሁለት ነጥብ እየጣለ ቃል ሲለይ ለኖረ ሕዝብ ይሄ ግራ ያጋባል። ግን እንዳትፈሩ። 231 ፊደል በልጅነቱ «ሀ ሁ» ብሎ የጨረሰ ሰው 44 አያቅተውም።

እኛን የሚያግዘን ነገር ደግሞ ማንም አይነግራችሁም። አንደኛው ሰዓት ነው። ታዮች በንግግር ምሽቱን ከ«አንድ ቱም» ይጀምራሉ፤ ይሄ ልክ የኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። «ሶንግ ቱም» ሁለት ሰዓት፣ እንዲህ እያለ እስከ አምስት ይገጥማል። ፈረንጁ ስድስት እየደመረ ሲቀንስ እኛ ቁጭ ብለን እንረዳለን። መደበኛ ዜና ላይ ግን የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው የሚጠቀሙት። ዘመናቸው ከፈረንጁ 543 ዓመት ይቀድማል። 2025 የሚባለው እነሱ ጋ 2568 ነው። ሁለት ዘመን ይዞ ለሚኖር ሀበሻ ሦስተኛ መጨመር ምን ይከብደዋል? «ፈረንጅ» የሚለው ቃልም እነሱ ጋ አለ። «ፋራንግ» ይሉታል፣ ሥሩ አንድ ነው። ብቻ እነሱ ዘይቱን የሚባለውን ፍሬም ፋራንግ ነው የሚሉት፤ ገበያ ላይ ስትሰሙት እናንተን የጠሩ እንዳይመስላችሁ።

የዜና ቃላቸው ተገጣጥሞ የሚሠራ ነው። «ናም» ውኃ ነው። «ናም ቱዋም» ጎርፍ፣ «ናም ማን» ዘይት ወይም ነዳጅ፣ «ናም ኬንግ» ማለትም ጠንካራ ውኃ፣ በረዶ። «ፔን ዲን ዋይ» የመሬት መንቀጥቀጥ ነው፤ «ፔን ዲን» ምድር፣ «ዋይ» መንቀጥቀጥ። ርዕደ መሬት ከሚለው ጋር አስተያዩት። የእንግሊዝኛው «ኧርዝኩዌክ»ም ያው ነው። ሦስቱም ቋንቋ ምድርን ከመንቀጥቀጥ ጋር ነው ያጋጠመው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 28 ቀን 2025 ማይንማር በ7.7 ስትመታ ባንኮክ ውስጥ በግንባታ ላይ የነበረ የመንግሥት ሕንፃ ፈርሶ ብዙ ሠራተኞች ሞተዋል። ቃሉን የያዝኩት በዚያ ሳምንት ነው፤ ያንኑ ቃል በሦስት ቋንቋ ደጋግሜ ስለሰማሁት።

ምንጮቹስ? ባንኮክ ፖስት እ.ኤ.አ. በ1946 የተቋቋመ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ነው። ለታይ ተማሪዎች ያዘጋጃቸው የመማሪያ ገጾች አሉት፤ ዜናውን ያቀርብና ከሥሩ ከባዱን የእንግሊዝኛ ቃል በታይኛ ይፈታል። የተሠራው ታዮች እንግሊዝኛ እንዲማሩበት ነው። እኛ ገልብጠን ነው የምንጠቀምበት፦ እንግሊዝኛውን እናውቃለን፣ ታይኛውን እንወስዳለን። ችግሩ ታይኛው በራሳቸው ፊደል ብቻ ነው። ታይ ፒቢኤስ የሚባለው የታይላንድ የሕዝብ ቴሌቪዥን ደግሞ በታይኛም በእንግሊዝኛም ዜና ያወጣል፤ ከቢቢሲ አማርኛና እንግሊዝኛ ጋር የምንሠራውን ዘዴ እዚያ ላይ መድገም ይቻላል። ሁለቱም ግን ፊደሉን ለያዘና እንግሊዝኛው መካከለኛ ለሆነ ሰው ናቸው። እንግሊዝኛ ሳይኖር ታይኛን በዜና መጀመር መሰላል ሳይዙ ጣሪያ ላይ መውጣት ነው፤ ከታይኛ ወደ አማርኛ በደንብ የሚያሻግር ነገር እስካሁን አላገኘሁም።

| መንገዱ | ደረጃ | ወሬው ለኛ ቅርብ ነው? | ድምፅ | ያለ ኔትወርክ | ለማን |
|---|---|---|---|---|---|
| ቪኦኤ ለርኒንግ (የቆየው) | ጀማሪ | መካከለኛ፣ ትኩስ አይደለም | አለ፣ ዝግ ያለ | ካወረዱት ይሆናል | ጆሮው ላልለመደ |
| ቢቢሲ ለርኒንግ | መካከለኛ | አንዳንዴ | አለ | ይወርዳል | ለተማሪ |
| በደረጃ የተከፈሉ ዜናዎች | ከጀማሪ እስከ መካከለኛ | ብዙ ጊዜ አይደለም | አለ | ይታተማል | ለተማሪ፣ ለአስተማሪ |
| አማርኛ ከእንግሊዝኛ ጎን ለጎን | መካከለኛ | በጣም | የለም | ገጹን ማስቀመጥ | ለአብዛኛው ሰው |
| የሀገር ውስጥ ጋዜጣ | ከመካከለኛ በላይ | በጣም | የለም | ወረቀቱ አለ | ለሥራ ፈላጊ |
| ዓለም አቀፍ ቴሌቪዥን | ከፍተኛ | ይለያያል | አለ፣ ፈጣን | በዲሽ | ለለመደ |
| የቴሌግራም ቃላት | ማንኛውም | የለውም | አልፎ አልፎ | ይቀመጣል | ለማንም አልመክረውም |
| ኤአይ | እንደፈለጋችሁ | እናንተ ትመርጣላችሁ | እንደ አፑ | አይሆንም | ለሚያመሳክር |
| ባንኮክ ፖስት፣ ታይ ፒቢኤስ | ፊደል የለየ | አይደለም | ይለያያል | ገጹን ማስቀመጥ | ታይኛ ለሚቀጥል |

እንግዲህ ለማን የቱ?

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከሆንክና ዳታህ ጥቂት ከሆነ፣ በደረጃ የተከፈሉትን አትምና ያዝ፣ በሳምንት ሁለት ቀን የቢቢሲን ስድስት ደቂቃ አውርደህ ስማ። ከወር በኋላ አማርኛና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን ወደ ማንበብ ተሻገር።

ሥራ ፈላጊ ከሆናችሁ አንድ የሀገር ውስጥ ጋዜጣ በሳምንት አንድ ጊዜ። ሁሉንም ገጽ አይደለም፣ አንድ ዜና። ሦስት አረፍተ ነገር አድርጋችሁ አሳጥሩት። ቢሮ የሚፈልገው እሱን ችሎታ ነው።

ዕድሜያቸው ገፋ ላሉትና ለማየት ለሚቸገሩት ድምፅ ብቻ። የቪኦኤውን የቆየ ዝግጅት ሜሞሪ ላይ ጭናችሁ ስጧቸው፤ እንደ ሬዲዮ ነው የሚያዳምጡት።

ባንኮክ ለንግድ የምትሄዱ፣ ወይም ለሕክምና የሚሄድ ዘመድ የምታስታምሙ፣ ዜናውን ተዉት። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቁጥር፣ «ራካ» ማለትም ዋጋ፣ «ታላት» ማለትም ገበያ፣ የት ያማል የሚለውን በድምፅ ልመዱ፣ ታይኛ የሚናገር ሰው ያርማችሁ። ፊደሉን በሁለት በሦስት ወር ስትለዩ ዜና ላይ የአየር ሁኔታና የገበያ ዋጋ ብቻ ያዙ። ቃላቱ ጥቂት ናቸው፣ በየቀኑም ይደገማሉ። ፖለቲካውን ለኋላ አቆዩት፤ ከሳንስክሪት የተወረሱ ረጃጅም ቃላት ይበዙበታል። ጠቅላይ ሚኒስትር ለማለት ብቻ «ናዮክ ራታሞንትሪ» ነው።

«ታይላንድ ጥሩ ደመወዝ ያለው የኮምፒውተር ሥራ አለ፣ እንግሊዝኛ ብቻ ይበቃል» የተባላችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ የእንግሊዝኛውን ዜና አንብቡ። «ስካም» (ማጭበርበር)፣ «ትራፊኪንግ» (ሕገ ወጥ የሰው ዝውውር)፣ «ሪፓትሪዬት» (ወደ ሀገር መመለስ) የሚሉትን ሦስት ቃላት ፈልጉ። እ.ኤ.አ. የካቲት 2025 ማይንማር ድንበር ላይ ካሉ የማጭበርበሪያ ካምፖች ወጥተው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት 260 ያህል ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የኛ ልጆች ነበሩ።

ለሁላችሁም የሚሆን አንድ ነገር፣ ደብተር ያዙ። እኔ አንድ ቃል ስጽፍ አራት መስመር ነው፦ ቃሉ፣ የተገኘበት አረፍተ ነገር ከነቀኑ፣ አማርኛው፣ ከዚያ ስለራሴ አካባቢ የሠራሁት። «ዲስራፕት። አመዱ በረራ አስተጓጎለ። አስተጓጎለ። ሰኞ ጭጋጉ ጣርማ በር ላይ መኪና አስተጓጎለ።» አራተኛውን መስመር የዘለልኩት ቃል ሁሉ ጠፍቶብኛል። በቀን አምስት ቃል በቂ ነው።

የአክስቴ ልጅ ፊደሉን ጀምራለች፤ በቀን ሦስት። የእህቴ ልጅ ከአስራ አንዱ ቻናል ሁለቱን አስቀርቶ ሌላውን አጥፍቷል። ፒዲኤፉን ግን በግማሽ ዋጋ ለጓደኛው ሸጦታል።